የቦነስ አይረስ ሰዓት በፈረንሳይ ለጋሲዮን

እኛ ቤት የተበላሸ ነገር አይጠገንም፤ በሽቦ ይታሰራል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንጦጦ ሥር ያለው አሮጌ ኮምፒውተራችንም እንደዚያው ነው። ሊኑክስ የለመድነው ካኖኒካል እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በነፃ በፖስታ ይልከው በነበረው የኡቡንቱ ሲዲ ሲሆን፣ የዚህኛው ሽቦ በጥቁር መስኮት የሚጻፍ ትእዛዝ ነው።

የመጀመሪያውን ያሰርነው ለአያታችን ለእማማ ነው። ጠዋት በ2 ሰዓት ስክሪኑ "8" ሲል አይተው "ይሄ ዕቃ አብዷል" አሉ። የሰዓት ቀጠናውን ቦነስ አይረስ አልነው። አዲስ አበባ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ ቦነስ አይረስ በ3 ትዘገያለች፤ ልዩነቱ ድፍን 6! ቀኑም እንደ እኛ ቀን ሲነጋ ይቀየር ጀመር።

ሁለተኛው፣ ሃርድ ዲስኩ እንዳይሞላ 30 ቀን ያለፈውን ፋይል ሌሊት ሌሊት ከአንድ ፎልደር የሚያጠፋ መስመር ነው። ሦስተኛው ለማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስለሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ላይ ይነቃል፤ ኢንተርኔት ሲገኝ ሰዓቱን የሚያስተካክል ትእዛዝ ጻፍንለት።

አንድ ማታ መብራት ሄዶ መጣ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም። እማማ በወጣትነታቸው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦ ሲወርዱ የነበረውን ሲያወሩ ቀድተን ነበርና፣ ድምፁን ወደዚያው ፎልደር ገልብጠን ከስልኩ አጠፋነው። ፋይሉ የ2000 ቀን ታተመበት። በማግስቱ ሰዓቱ ተስተካከለ፤ ሌሊት አጥፊው መስመር ሲዞር የትናንቱን ድምፅ የብዙ ዓመት አሮጌ ሆኖ አገኘው። ጠረገው!

ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ደህና ነበሩ፤ እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም። የቦነስ አይረሱ ማንንም ያልጎዳው የምናየውን ብቻ ስለቀየረ ነው፤ የውስጡን ሰዓት አልነካም። አጥፊው ግን ሰዓቱን አመነ፣ ሰዓቱ ደግሞ የሞተች ባትሪን።

አሁን ባትሪዋን ቀይረናል። መስመሩም አያጠፋም፤ ወደ ሌላ ፎልደር ያዛውራል፤ የሚሰረዘውን በዓይናችን አይተን እንሰርዛለን።

እማማን እንደገና እንዲያወሩልን ለመንናቸው። "የቱን ነበር ያወራሁት?" አሉ። ባለፈው እንባ የተናነቃቸው ቦታ ላይ ሲደርሱ አሁን ሳቁ። የድሮውን መልሰን አላገኘነውም። ይሄኛው ግን ሁለት ቦታ ተቀምጧል።