ቆጣሪውና የልጄ ኮምፒውተር

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከምሳ ዕቃዬ ጋር አንድ ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ ይዤ ወጣሁ። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጄ ጌም የሚጫወትበት ኮምፒውተር ገመድ ነው። ከሶኬቱ ነቅዬ ወሰድኩበት። ቢሮ ውስጥ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬን በከፈትኩ ቁጥር ያ ገመድ ይታየኛል። ማታ ስመለስ ልጄ «እንደምን ዋልሽ እማዬ» እንኳ ሳይለኝ ተኛ። በእንዲህ ያለ ኩርፊያ አራት ቀን አለፈ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ኮምፒውተሩን የገዛሁለት እኔው ራሴ ነኝ፤ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት ሲያልፍ የደረሰኝን እቁብ አውጥቼ፣ ሌላ ሰው የተገለገለበትን ገዛሁለት። ከሰፈር ጋጠወጥነት ቤት መቀመጡ ይሻላል ብዬ ነበር። እንደምታውቁት ግን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ በአራት ዓመት እንዲስተካከል ተደርጓል። ብዙ የሚጠቀም ቤት ደግሞ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ጥቂት ከሚጠቀመው ይበልጣል። ስለዚህ ሒሳቡ ከፍ ባለ ጊዜ ዓይኔ በዚያ ሣጥን ላይ አረፈ። ማታ ማታ ክፍሉን ያሞቀዋል፤ የማራገቢያው ጩኸት ሳሎን ድረስ ይሰማል። የሚሞቅና የሚጮህ ነገር መብራት በላተኛ ነው ብዬ ፈረድኩ። እሸጠዋለሁም አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ልጄ ወደ ማድ ቤት ገባና «እማዬ፤ ከመሸጥሽ በፊት ለምን አንለካውም?» አለኝ። መለኪያ መሣሪያ የለንም ብለው፣ ቆጣሪው ራሱ መለኪያ ነው አለ።

እናንተም ቤታችሁ ያለው ቆጣሪ ዲጂታል ከሆነ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለችው። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል በቆጣሪው ፊት ላይ ተጽፏል፤ የእኛው 1000 ይላል። እንግዲህ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የቆጠራችሁትን በ12 ብታባዙት የምትጠቀሙበትን ኃይል በዋት ታገኙታላችሁ። እኛ ማቀዝቀዣውን ነቀልን፣ አምፖሉን ሁሉ አጠፋን፤ ልጄ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሲጫወት እኔ ደረጃው ሥር ከቆጣሪው ፊት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቆምኩ። የግቢው ጥበቃ መጥተው «ልጄ፣ መብራት ጠፋብሽ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ የለም አባባ፤ እየቆጠርኩ ነው» ስላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ሠላሳ ቆጠርኩ። 360 ዋት ማለት ነው።

ከዚያ ልጄ ከጓደኛው የተማረውን ማድረግ ጀመረ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ክፍል ነው፤ በጨዋታ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚበላውም እርሱ ነው። የእኛው ጂፎርስ አርቲኤክስ 3070 ይባላል፤ ፋብሪካው የመደበለት 220 ዋት ነው። ካርድ ሠሪዎች በፍጥነት ስለሚወዳደሩ ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ ጥጉ ተለጥጦ ይወጣል፤ ከፍጥነቱ የመጨረሻዋ ጥቂት እጅ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ኃይል የምትፈጀው ናት። ሽሮው ከፈላ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩበት ቶሎ እንደማይበስል፣ ገንፍሎ ምድጃውን ብቻ እንደሚያበላሽ አስቡት። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ልጄ በእርሱ የኃይል ገደቡን ከ100 ወደ 70 በመቶ አወረደው። ጨዋታውንም ከዚያው ከመጀመሪያው ቦታ ላይ አቆመው፤ ቦታው ከተለያየ ልኬቱ ይሳሳታል።

ወርጄ ቆጠርኩ፤ 24። ወደ ላይ ስወጣ «ጨዋታህስ ተንቀራፈፈ?» ብዬ ጠየቅሁት። በሴኮንድ 92 ምስል ይሠራ የነበረው ወደ 86 መውረዱን አሳየኝ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ልዩነቱን ማየት አልቻልኩም፤ እርሱም ቁጥሩ ባይጻፍ ኖሮ እንደማያውቀው አመነ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ገባኝ። የእኛ ስክሪን በሴኮንድ ማሳየት የሚችለው 60 ምስል ነው። ካርዱ ግን 86 ይሠራል። ስድሳ እንግዳ ጠርታችሁ ሰማንያ ስድስት እንጀራ ጋግራችሁ የተረፈውን እንደመጣል ነው! በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ምስሉ ከ60 እንዳያልፍ ገደብ አደረገበት። ለሦስተኛ ጊዜ ደረጃውን ወረድኩ፤ ጉልበቴ እያማረረ። አሥራ ዘጠኝ። 228 ዋት መሆኑ ነው። ለውድድር የሚጫወቱ ልጆች ምስሉ በበዛ ቁጥር እጃቸው ቶሎ ይታዘዝላቸዋልና ይህን ገደብ አይወዱትም፤ ስክሪኑ 144 የሚያሳይ ከሆነም ገደቡ እዚያው ላይ ይደረጋል። የእኔ ልጅ የሚጫወተው ኳስና የመኪና እሽቅድምድም ስለሆነ አልጎደለበትም።

በቀን አራት ሰዓት ቢጫወት ልዩነቱ በወር ወደ 16 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ማራገቢያውም ዝም አለ፤ አባቱ ዜና ሲሰማ በሩን መዝጋት ተወ።

ቮልቴጁን ራሱን ዝቅ ማድረግ የሚባል ሌላ ዘዴም አለ። ቺፑ የሚፈጀው ኃይል ከቮልቴጁ ጋር በስኩዌር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ በአሥር በመቶ ቢወርድ ኃይሉ በአሥራ ዘጠኝ በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህ ግን ጥቂት በጥቂት የሚሞከር ነው፤ ከበዛ ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ነው። እኛ ለጊዜው አልነካነውም። የኃይል ገደቡን ማውረድ ግን ካርዱን አይጎዳውም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ገደቡ ራሱ እንዲሠራ ምልክት ካላደረጋችሁበት ግን ወደ 100 ይመለሳል። እኛ ይህን ሳናውቅ ሦስት ቀን ያለ ገደብ ተጫወተበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ምንም ሳይሠራ ክፍት ሆኖ ሲቆም ብንቆጥረው በአምስት ደቂቃ ስድስት አለ፤ 72 ዋት። እርሱ ትምህርት ቤት በሚውልበት ጊዜ እኔ ራሴ መንፈሳዊ መዝሙር ከፍቼበት ረስቼው የምወጣባቸው ቀናት ነበሩ። ይህንን ለልጄ አልነገርኩትም፤ ጋዜጣውን ካነበበ ያውቀዋል።

በዚያው ቅዳሜ ምጣዱን ጣድኩ። ልጄ ወረቀቱንና እርሳሱን ይዞ «አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው» ብሎ ወደ ቆጣሪው ወረደ። እየሮጠ ሲመለስ አምስት ደቂቃ መቁጠር አልቻለም፤ ብልጭታው ፈጥኖበት በአንድ ደቂቃ ብቻ 58 ቆጥሮ ነበር። ኮምፒውተሩ በብርቱ ጊዜው በደቂቃ ስድስት ነበር። ምጣዱን ገልብጠን ጀርባውን ብናይ 3500 ዋት ይላል። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት እጋግራለሁ፤ 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእርሱ ኮምፒውተር ገደብ ሳይደረግበት በሳምንት ወደ 10 ነበር። በእኔ ሕግ ቢሆን ምጣዱም ቢሮ መሄድ ነበረበት። ልጄ ይህን አላለኝም፤ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እንጀራ የሚበላው ሁላችንም ነን ብዬ ተከራከርኩ እንጂ፣ ይቅርታ የጠየቅሁት ከእራት በኋላ ነው።

አሁን ከጎረቤቴ ጋር ተስማምተን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሙቀት፣ እርሷ ስትጨርስ እኔ እየቀጠልኩ እንጋግራለን። ምጣዱ እስኪግል የሚባክነው አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። ኮምፒውተሩ አልተሸጠም፤ ገመዱም ከሶኬቱ አልተነቀለም። በሚመጣው ቅዳሜ ልጄ ማቀዝቀዣውን እንቆጥራለን ብሎኛል፤ እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ ስለሆነ ከወዲሁ ፈርቻለሁ።