ክለቡስ ይልቀቀው፣ ማን ይጠራዋል?

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ኳስ ነው። «አገር እንዲህ ሆና ስለ ኳስ ይጻፋል ወይ?» የምትሉ ካላችሁ ገጹን ገልብጡት፣ አልቀየማችሁም። ነገሩ የኳስ ብቻ እንዳልሆነ ግን ወደ ታች ስትወርዱ ታዩታላችሁ። ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ የኳሱ ዓለም የሚቆጥረው በዚያ ነውና።

እዚህ ኮሎምበስ፣ ቅዳሜ ጠዋት አበሻ ቡና የሚጠጣበት ቤት ሁሉ የእንግሊዝ ኳስ ተከፍቶ ይገኛል። የአፍሪካ ዋንጫ በቀረበ ቁጥር ደግሞ ያው የተለመደው ክርክር ይነሣል። «ደመወዙን የሚከፍለው ክለቡ፣ ሲሰበር የሚያሳክመው ክለቡ፣ ለምን ይለቅቀዋል?» ይላል አንዱ። ሌላው «አገር ጠርታ ማን አባቱ ነው የሚከለክለው!» ብሎ ጠረጴዛውን ይመታል፣ ስኒው ይገለበጣል። ዓመቱን ሙሉ ስለ አፍሪካ አንድነት ሲሰብከን የከረመ አንድ ወዳጃችን አለ። ጃንዋሪ ገብቶ የክለቡ አጥቂ ሻንጣውን ሲያነሣ ግን «ይኼ ውድድር ለምን አይቀርም?» ይላል። የደጋፊ ሃይማኖት እንዲህ ነው።

ሕጉ እንኳ ግልጽ ነው። ፊፋ በወሰነው የብሔራዊ ቡድኖች ጊዜና በትልልቆቹ ውድድሮች ክለብ ተጫዋቹን የመልቀቅ ግዴታ አለበት። «አልፈልግም» ማለት አይችልም፣ ካሣም አይጠይቅም። ጠሪው ፌዴሬሽን በበኩሉ ጥሪውን ከ15 ቀን በፊት በጽሑፍ ማድረስና የመንገዱን ወጪ መክፈል ይኖርበታል። ይኼ ግዴታ ባይኖር ኖሮ ጋናም ሴኔጋልም ካሜሩንም ጥሩ ጥሩ ልጆቻቸውን ለዋንጫ አያገኟቸውም ነበር። ሀብታም ክለብ በገዛ ፈቃዱ የድሃ አገር ቡድን አያቆምም። ስለዚህ እኔ በክርክሩ ጠረጴዛ ከሚመቱት ጋር ነኝ፤ ክለብ ይልቀቅ ባይ ነኝ።

የክለቦቹ እሮሮ ግን ከንቱ አይደለም። በኖቬምበር 2004 ሻርለርዋ የሚባለው የቤልጅየም ክለብ አብዱልመጂድ ኡልመርስ የተባለ ተጫዋቹን ለሞሮኮ ለቀቀ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ለወዳጅነት ጨዋታ፣ ነጥብም ዋንጫም ለሌለበት ማለት ነው። ልጁ እዚያ ተጎዳና ለወራት ከሜዳ ራቀ። ክለቡ ትንሽ ነው፣ የሚተካበት የለውም። ፊፋን ፍርድ ቤት ገተረው፣ የአውሮፓ ሀብታሞቹ ክለቦችም ከኋላው ተሰለፉ። ነገሩ በ2008 በስምምነት ሲዘጋ ፊፋ ለዓለም ዋንጫ ተጫዋች ለሚለቅቁ ክለቦች ገንዘብ ለማካፈል ተስማማ። በ2010 ያካፈለው 40 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2022 209 ሚሊዮን ደረሰ። ከ2012 ወዲህ ደግሞ ለአገሩ ሲጫወት ተጎድቶ ከ28 ቀን በላይ የሚተኛ ተጫዋች ደመወዙ በፊፋ ኢንሹራንስ ይሸፈናል። እንግዲህ አንድ ትንሽ ክለብ አምርሮ በመጮሁ የመጣ ለውጥ ነው።

የኛው ከተማ ክለብ ኮሎምበስ ክሩም ቀምሶታል። የአሜሪካ ሊግ ከፌብሩዋሪ ማብቂያ እስከ ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር የሚሄድ ሆኖ ስለኖረ የአፍሪካ ዋንጫ በጃንዋሪ ሲሆን ክሩ የሚያጣው ልምምድ ብቻ ነው። እንግሊዞቹ የሚያለቅሱበት ወር ለኛ ከተማ የዕረፍት ወር ነበር። በ2019 ግን ካፍ፣ የአውሮፓ ክለቦች ቅር እንዳይላቸውም ጭምር፣ ውድድሩን ወደ ጁንና ጁላይ አዞረው። ያን ጊዜ የክሩ ተከላካይ ጆናታን ሜንሳ ለጋና ሊሰለፍ ወደ ግብፅ ሄደ። ግብ ጠባቂው ዛክ ስቴፈንና አጥቂው ጂያሲ ዛርደስ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለአሜሪካ በጎልድ ካፕ ተሰለፉ። በዚያ ዓመት ክሩ ለጥሎ ማለፉ እንኳ አልበቃም። ሁሉንም በዚህ ማሳበብ ልክ አይሆንም፤ ነገር ግን ለአንዱ የተመቸ ቀን ለሌላው ዕዳ መሆኑን ያየሁት እዚሁ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስትበቃ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2013፣ ክሊቭላንድ ጎዳና አጠገብ ካለ አንድ የአበሻ ቤት ከጠዋቱ በፊት ገብተን ነበር። የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ስለነበረ ሥራ የሌለው ብዙ ነው። ኦባማም ለሁለተኛው ዘመናቸው በአደባባይ ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት ያን ዕለት ስለሆነ ባለቤቱ አንዱን ቴሌቪዥን ለዋሽንግተን፣ ሌላውን ለደቡብ አፍሪካ ሰጠው። የዋሽንግተኑን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። ተጋጣሚያችን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ናት። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ ያም ሆኖ በ10 ሰው አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። ጎረምሳ ሽማግሌው ተቃቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4፣ ናይጄሪያ 2 አገቡብን፤ እሱን እንለፈው።

ያን ሰሞን ማንም ያላነሣው ነገር ግን ይኼ ነው። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ከውጭ የመጡት ሦስት ነበሩ፦ ሳላዲን ከግብፁ ዋዲ ደግላ፣ ዩሱፍ ሳላህ ከስዊድኑ ሲሪያንስካ፣ ፉአድ ኢብራሂም ከዚሁ ከሚኒሶታ። የግብፅ ሊግ ከፖርት ሰኢዱ እልቂት ወዲህ ቆሞ ነበር፤ የተከፈተው ፌብሩዋሪ ላይ ነው። የስዊድን ሊግ በክረምት ይዘጋል። የሚኒሶታውም እስከ ኤፕሪል ዕረፍት ነበር። ከሦስቱ ክለቦች አንዱም አንድ የሊግ ጨዋታ አላጣብንም! «ክለብና አገር» የሚባለው ፈተና ዋልያዎቹን በዚያ ዋንጫ አልነካቸውም። የቀሩት 20ዎቹ የአገር ቤት ልጆች ናቸው። በአገራችን ደግሞ ብሔራዊ ቡድን ሲጠራ ሊጉ ይቆማል፣ ክለቡ ደመወዝ እየከፈለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ ስሠራ አንድ የክለብ አሠልጣኝ «ልጆቼን በዕቃ ቤት ደረሰኝ እንኳ አልወሰዷቸውም፣ ሲመልሷቸው ግን አንካሳ አድርገው ነው» ብሎኝ ነበር። የዚያ ሰው እሮሮ ከእንግሊዞቹ እሮሮ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ለእሱ ጠበቃ የሚቆምለት ስላልነበረ።

ስለ ክለቡና ስለ ፌዴሬሽኑ ስናወራ ልጁን ራሱን እንረሳዋለን። የክሩ አምበል የነበረው ዳርሊንግተን ናግቢ ሞንሮቪያ ተወልዶ እዚሁ ኦሃዮ፣ ሌክውድ ያደገ ነው። አባቱ ለላይቤሪያ ብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል፤ በዚያ በጆርጅ ዊሃ ዘመን፣ ዊሃ ከኪሱ እያወጣ ቡድኑን በሚያጓጉዝበት ጊዜ። ልጁ በ2015 አሜሪካዊ ዜግነት አግኝቶ ለአሜሪካ ተጫወተ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ጥሪ ሲመጣለት ከቤተሰቤ ጋር መሆን ይሻለኛል ብሎ ቀረ። ከሦስት ክለቦች ጋር አራት የሊግ ዋንጫ አንሥቶ በ2025 ጫማውን ሰቀለ። ክለቡም ለቅቆት፣ አገርም ጠርቶት፣ «አይ» ማለት የቻለ ሰው ነው። እኔ አልፈርድበትም። የመምረጥ ዕድሉ ግን ያስቀናኛል፤ ለምን እንደሚያስቀናኝ ልንገራችሁ።

አንድ የጓደኛዬ ልጅ አለ። እዚሁ ኮሎምበስ የተወለደ፣ በግራ መስመር የሚሮጥ፣ ባለሙያዎቹ ዓይናቸውን የጣሉበት ልጅ ነው። አንድ ቀን በመኪና ሳደርሰው «ጋሼ፣ ፕሮፌሽናል ብሆንና ኢትዮጵያ ብትጠራኝ ቡድኔ ይለቅቀኛል?» አለኝ። እንደ አሮጌ ጋዜጠኛ «ግዴታው ነው!» ብዬ ሕጉን ተነተንኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ኢትዮጵያስ ልትጠራኝ ትችላለች?» አለ። ለዚህኛው በቂ መልስ አልነበረኝምና ማታ ቤቴ ገብቼ አዋጁን አወጣሁ።

ፊፋ የሚለው አጭር ነው፦ ለአንድ አገር የሚጫወት የዚያ አገር ዜጋ ይሁን። በ2003 የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ (በኛ ቁጥር 378/1996) ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ውጭ ተወልዶ በትውልዱ ሌላ ዜግነት ያገኘውም ቢሆን፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ጥሎ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ፣ እሱም እንደተወ ይቆጠራል። ይኼ ልጅ ሲወለድ አባቱ ገና ግሪን ካርድ ነበረው። ስለዚህ በደም ኢትዮጵያዊ፣ በመሬት አሜሪካዊ ሆኖ ተወለደ። በ18 ዓመቱ አንዱን ይጥላል።

ቢጫ ካርዱስ? ትሉኝ ይሆናል። በ2002 በወጣው አዋጅ የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ሥራም ያሠራል። ዜጋ ግን አያደርግም፤ ፊፋ ደግሞ መታወቂያ አይደለም የሚጠይቀው፣ ፓስፖርት ነው። «ታዲያ እነ ፉአድ ተጫውተው የለም ወይ?» የሚልም አይጠፋም። ተጫውተዋል፣ ኮርተንባቸዋል። የሁለት ሰው መሳካት ግን ለሦስተኛው መንገድ አይሆነውም፤ የተጻፈው እንደተጻፈ አለ።

ልጁ አሜሪካዊነቱን ቢጥል ደግሞ ሌላ ጉድ ይጠብቀዋል። የአሜሪካ ሊግ ለውጭ ዜጋ የሚሰጠው ቦታ የተቆጠረ ነው፤ ለአንድ ክለብ በመደበኛው ስምንት ሲሆን ክለቦቹ በገንዘብ ይሻሻጡበታል። ያን ውድ ቦታ ለደቡብ አሜሪካ ኮከብ እንጂ ለኮሎምበስ ተወላጅ ጀማሪ የሚያቃጥል ክለብ የለም። ለአገሩ ለመጫወት ብሎ እንጀራውን ያጣል ማለት ነው፤ እንጀራውን ካጣ ደግሞ አገሩም አትጠራውም።

በርሊን ተወልዶ ሜሪላንድ ያደገውን ጌድዮን ዘላለምን አስታውሱት። አርሴናል ሲገባ የኛ ሰፈር ቡና ቤት እንዴት ጨፍሮ ነበር! በ2015 ፊፋ ፈቀደለትና ለአሜሪካ ወጣት ቡድን ተሰለፈ። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው፤ እሱ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ ተጫወተ። ስማቸውን ባነበብን ቁጥር ደስ ይለናል፤ የሌላ ሰው ሠርግ ላይ እንደመጨፈር ነው።

ኬፕ ቨርዴን ደግሞ እዩ። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው፣ ልጆቿ በሊዝበንና በሮተርዳም ተበትነዋል። ፓስፖርቷን አልነፈገቻቸውም። ደብሊን የተወለደውን ሮቤርቶ ሎፔስን አሠልጣኙ ያገኙት የሥራ ፈላጊዎች በሚገናኙበት ድረ ገጽ በኩል ነው። ጃንዋሪ 2022 ያውንዴ ላይ ይህች ደሴት 1 ለ 0 አሸነፈችን፤ የኛ ቡድን ከጥቂቶች በቀር የአገር ቤት ሊግ ነበር። በ2025 ደግሞ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ አለፈች።

እኛስ ድሮ እንዲህ ነበርን? በ1962 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ብቸኛዋን ዋንጫችንን ስናገኝ፣ ከአራቱ ግቦች ሁለቱን ያገቡት ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ ናቸው። አባታቸው ጣልያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት። ሉቻኖ አምበል ሆኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። በደርግ ጊዜ ተሰደደ፣ በ2022 ጣልያን አገር አረፈ። እንደኛው ስደተኛ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጁ አባት ስነግረው «ገና ልጅ ነው፣ ይደርሳል» አለኝ። ልጁ በመጪው ኤፕሪል 18 ይሞላዋል፤ ከዚያ የሚቆጠርለት አንድ ዓመት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ልምምድ አለው። አባቱ የሌሊት ፈረቃ ሲገባ የማደርሰው እኔ ነኝ።