የአስጠኚ ደጃፍ በሞያሌ

ሞያሌ ውስጥ «ፈተናው መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ከማግኘቱ በፊት ራሱ ይጠየቃል፤ «የትኛው ፈተና?» ይባላል። ከድንበሩ ወዲህ፣ በኬንያ በኩል ያለው ተማሪ ትምህርቱን በጥር ጀምሮ በጥቅምትና በኅዳር ይፈተናል። ከድንበሩ ወዲያ ያለው ደግሞ በመስከረም ጀምሮ ክረምቱ ሲገባ ይፈተናል። ሁለቱ ተማሪዎች ግን አንዳንድ ጊዜ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ወንድም በኬንያው ሥርዓት፣ እኅት በኢትዮጵያው ይማራሉ፤ እናት የሁለቱንም ጭንቀት በየወሩ ትሸከማለች። በዚህች ከተማ ልጆችን ለፈተና እያዘጋጁ እንጀራ መብላት፣ ማለትም በአማርኛው «አስጠኚ»፣ በኬንያው አነጋገር «የቱዩሽን መምህር» መሆን፣ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ተፈታኝ ሞልቷል፣ ጭንቀትም ሞልቷል። ነገር ግን ተፈታኝ መኖሩና ተፈታኙ የእርስዎን በር ማንኳኳቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህች ጽሑፍ የምታወራው በሁለቱ መካከል ስላለው መንገድ ነው።

በቀደመው ዘመን መምህር ተማሪ ሲፈልግ አልታየም። ፈላጊው ተማሪው ነበር። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ ዙር አምባ፣ ለቅኔ ዋሸራና ጎንጅ ይወርድ የነበረው ማንም ማስታወቂያ ለጥፎለት አይደለም። የመምህሩን ስም ከሌላ ተማሪ አፍ ሰምቶ ነው። በእኛ ከተማ የቁርኣን መምህራንም ስማቸው የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ በመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን «ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል ወረቀት ያውቀዋል፤ ስልክ ቁጥሩ እንዲገነጠል ከታች በመቀስ የተሸነሸነውን። በመካከል የገቡት አገናኞችም ከአስጠኚው የመጀመሪያ ክፍያ ላይ ድርሻቸውን ይቆርጣሉ። በትልቅ ከተማ ይህ ያስኬዳል፤ ሰው ሰውን አያውቅምና ወረቀቱም ደላላውም የመተዋወቂያ ምትክ ይሆናሉ።

ሞያሌ ግን ሰው ሰውን የሚያውቅባት ከተማ ናት። ቦረናው፣ ገሪው፣ ቡርጂው፣ ሶማሌው፣ ገብራው፣ ከደጋ የመጣው ነጋዴ፣ ከናይሮቢ የተመደበው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁሉም በአንድ ገበያ ይገናኛል። የማይታወቅ ሰው የለጠፈው ወረቀት «ይህ ሰው የማን ነው?» ከሚል ጥያቄ ውጭ ምንም አያመጣም። ስለዚህ እዚህ የአስጠኚ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። ወላጆች ሳይቸኩሉ የሚነጋገሩባቸው ቦታዎች አሉ፤ የጤፍና የቡና መደብሩ፣ የሻይ ቤቱ አግዳሚ ወንበር፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያለው ደጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጥላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሴቶች ዕቁብ፣ በዚህ በኩል «ቻማ» የሚሉት። አሥራ ሁለት እናቶች ገንዘብ ሊያዋጡ በተሰበሰቡበት የአንዷ ልጅ ሒሳብ መሻሻሉ ከተነሣ፣ ያ ወሬ አንድ ወር ሙሉ ከሚለጠፍ ወረቀት ይበልጣል። ካልተሻሻለም ወሬው በዚያው ፍጥነት ይሄዳል።

ሰው ለፈተና ይህን ያህል የሚጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ በተደረገበት በ2015 ዓ.ም.፣ ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የተፈተኑትም ቢሆኑ 5.4 በመቶ ነው ያለፉት። ኬንያም ተመሳሳይ ድንጋጤ አይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና ከፍተኛውን «ኤ» ያገኙት ከ2,600 በላይ ሲሆኑ፣ ቁጥጥሩ በጠበቀበት በ2016 ቁጥሩ ወደ 141 ወረደ። እነዚህ አኃዞች ለጋዜጣ ዜና ናቸው፤ ለአንድ የከብት ነጋዴ ግን ከመንጋው ስንቱን ሸጦ ስንቱን እንደሚያስቀር የሚወስንባቸው ናቸው። አስጠኚ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ ዋጋ ሊጠራ አይገባም የምለው ለዚህ ነው።

የእኔ የዕለት እንጀራ ትርጉም ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ውል ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ማስጠናት የጀመርኩትም ከዚሁ ጠረጴዛ ነው። የትምህርት ማስረጃ የሚያስተረጉም ሰው ቀጥሎ የሚፈተነው ፈተና አለውና። በዚህ ቦታ የተቀመጠ ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። የሰው ውጤት በእጄ ያልፋል፤ በሒሳብ ማን እንደወደቀ፣ ማን ክፍል እንደደገመ አያለሁ። ስልክ አንሥቶ «የልጅዎን ሒሳብ አይቼዋለሁ፣ ላስጠናልዎ» ማለት እጅግ ቀላል ነው፤ ደንበኛም ያስገኛል። ነገር ግን ሰነዱን ያመነኝ ሰው ገመናውን ነው ያመነኝ። ስለዚህ ልማዴ አንድ ነው፤ ወረቀቱን ተርጉሜ፣ አሽጌ እሰጣለሁ፤ ካልተጠየቅሁ ስለ ውጤቱ አንድ ቃል አልተነፍስም። ከተጠየቅሁ እመልሳለሁ። ይህ ልማድ ስንት ደንበኛ እንዳስቀረብኝ ቆጥሬ አላውቅም፤ ሰዎች ግን ሰነዳቸውን ይዘው ዛሬም ይመጣሉ።

ማንኛውም አስጠኚ «ከሌሎቹ የተለየ ምን ይዣለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። በሞያሌ መልሱ ከድንበሩ ይመነጫል። ከወዲያ በኩል ያለ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን የሚማረው በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ ወይም በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ማስተማሪያ የሚሆነው በኋላ ነው። በኬንያ ግን ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ቤተሰቡ ድንበር ሲሻገር ልጁ እውቀቱን ይዞ፣ ስሙን ግን ጥሎ ይሻገራል። «ስፋት»ንና «ዙሪያ»ን አሳምሮ የሚያሰላ ልጅ «ኤሪያ» እና «ፔሪሜትር» የሚሉትን ሲያይ ይደነግጣል፤ መምህሩም ልጁ ሒሳብ አይችልም ይላል። በዚያ ላይ ኪስዋሂሊ አለ፤ በኬንያው የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ግዴታ ነው። የአፈታተኑም ጠባይ ይለያል። የኢትዮጵያው ማትሪክ በምርጫ የሚመለስ ነው፤ የኬንያው ግን ተማሪው እጁን አፍታቶ እንዲጽፍ፣ የሒሳቡን ደረጃ በደረጃ እንዲያሳይ ይጠይቃል፤ መልሱ ቢሳሳት እንኳ መንገዱ ነጥብ አለው። «ሁሉንም ትምህርት ለሁሉም ክፍል» ከሚል አስጠኚ ይልቅ «ከዚያ ወደዚህ የተሻገረውን ልጅ አሻግረዋለሁ» የሚል አስጠኚ በቀላሉ ይታወሳል። የሰው አፍ ረጅም ነገር አይሸከምም፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚነገር ሙያ ያስፈልጋል።

አንዲት የጤፍ ነጋዴ እናት ልጃቸውን ይዘው በመጡ ጊዜ ያሉኝን አልረሳውም። «ልጄ ያልፋል ወይ ብዬ አልጠይቅዎትም» አሉ። «እሱን ፈጣሪ ያውቃል። እኔ የምጠይቅዎት ምን እንደማያውቅ እንዲነግሩኝ ነው። ከነገሩኝ፣ ገንዘቡን በየትኛው ላይ እንደማወጣ እኔ አውቃለሁ።» ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ቀን ክፍያ የለውም። ልጁ ያለፈ ዓመት ፈተና ይሠራል፤ እኔም የተሳተውን በሦስት እከፍለዋለሁ፤ ትምህርቱን ባለማወቅ የተሳተ፣ ቋንቋውን ባለመረዳት የተሳተ፣ በጥድፊያ የተሳተ። ይህንንም በአንድ ገጽ ጽፌ ለወላጅ እሰጣለሁ። ወላጁ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሌላ አስጠኚ ቢሄድ መብቱ ነው። አንዳንዱ ሄዷል። አብዛኛው ግን ይመለሳል፤ የተመለሰው ደግሞ የሚከፍልበትን ነገር አውቆ ነው የሚከፍለው፤ በመካከል «ምን ታደርጋላችሁ?» የሚል ጭቅጭቅ አይነሣም። አቅም ለሌለው አራት ልጆችን በአንድነት አስጠናለሁ፤ ክፍያው ለአራት ይካፈላል። በሽልንግም በብርም እቀበላለሁ፤ ከድንበሩ ወዲህ በኤምፔሳ መክፈል የተለመደ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ከባዱ ነገር ልናገር። የአስጠኚ ትልቁ ተወዳዳሪ ሌላ አስጠኚ አይደለም፤ «ወረቀቱ አለኝ» የሚል ሰው ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተለቅቆ ፈተናው ተሰርዟል፤ ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2015 ከተፈጸመው የፈተና መሸጥ በኋላ በ2016 መጋቢት የፈተና ምክር ቤቱን ቦርድ በትናለች። ያ ዘመን ያሳደረው ጥርጣሬ ዛሬም በወላጆች ልብ አለ፤ «ሌላው ገዝቶ ሲያልፍ የእኔ ልጅ ለምን አጥንቶ ይወድቃል?» ይላሉ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አንድ አባት ከሁለት ወንድሞቹ ልጆች ጋር ሦስት ተፈታኞች ይዘው መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህንኑ ጠየቁኝ። የምሸጠው ወረቀት እንደሌለኝ፣ ኖሮ ቢሆን እንኳ እንደማልሸጥ፣ በስልክ የሚዞረውም አብዛኛው የውሸት መሆኑን ነገርኳቸው። ቅር ብሏቸው ልጆቹን ይዘው ሄዱ። ሦስት ተማሪ ማለት በዚያ ወቅት ለእኔ የቤት ኪራይ ነበር። በዓመቱ አንዲት ጎረቤታቸው ልጃቸውን ላኩብኝ። ማን እንደነገራቸው ብጠይቅ የእኚያኑ አባት ስም ጠሩ፤ «እዚያ ቤት ወረቀት አይሸጥም፣ ማስተማር ብቻ ነው ብለውኛል» አሉ። አባትየው ይህን ሲናገሩ እያመሰገኑኝ ይሁን እያማረሩኝ አላወቅሁም። ለጎረቤታቸው ግን ምስክርነቱ በቂ ነበር።

ሕግንም ማወቅ ያስፈልጋል። የኬንያ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ተማሪን በዕረፍት ጊዜ ለሚሰጥ ቱዩሽን መዳረግን ይከለክላል፤ ቅጣቱ እስከ 100,000 ሽልንግ ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «በዕረፍቱ ክፍል ተከራይቼ ሠላሳ ልጅ እሰበስባለሁ» የሚል ሰው ከደንበኛ በፊት ሕግ አዋቂ ያማክር። ከትምህርት ቤት መምህራን ጋርም ተቀናቃኝ መሆን አይበጅም። መምህሩ ስድሳ ልጅ ይዞ ለአንዱ ጊዜ ያጣል፤ አስጠኚው ለአንዱ ጊዜ አለው። ልጁ ደብተሩ ላይ የተሠራውን ሥራ ይዞ ወደ ክፍሉ ሲመለስ መምህሩ ማን እንዳገዘው ይጠይቃል። የሚቀጥለውን ልጅ የሚልከው ያ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ድርሻ ሊከፈለው አይገባም፤ የተከፈለበት ምክር ምክር መሆኑ ይቀራልና።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ በአንድ ፈተና ላይ ብቻ የተመሠረተ ሙያ ከፈተናው ጋር እንደሚሞት ነው። የኬንያው የ8ኛ ክፍል ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2023 ቆይቶ ቀርቷል፤ በእሱ ይተዳደሩ የነበሩ አስጠኚዎች ደብተራቸውን አጥፈዋል ወይም እንደገና ተምረዋል። በኢትዮጵያም የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። በአዲሱ የኬንያ ሥርዓት ልጆች በ6ኛና በ9ኛ ክፍል በሌላ መንገድ ይመዘናሉ። ጥያቄ ማንበብ፣ ሐሳብን በቅደም ተከተል መጻፍ፣ የማያውቁትን ለይቶ ማወቅ ግን ከማንኛውም ፈተና ይተርፋሉ። እነዚህን የያዘ አስጠኚ የፈተናው ስም ሲለወጥ አይደናገጥም።

ድንበሩም የራሱን ተማሪ ያመጣል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሻግረው በድንኳን ተጠልለው ነበር። ከአራት ዓመት በፊትም በዚህ በኩል ግጭት በተነሣ ጊዜ ሰው የሸሸው ወደዚያ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትምህርት የሚቋረጥበት ልጅ ደንበኛ አይባልም፤ የሚከፍለው የለውም። ቢሆንም በእኔ እምነት በእያንዳንዱ አራት ልጅ ቡድን ውስጥ አምስተኛ ወንበር መኖር አለበት። ለጽድቅ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ልጆች ያላቸውን እውቀት ለሌላ ሲያስረዱ ነው አጥብቀው የሚይዙት፤ ከሌላ አገር ሥርዓት የመጣ ልጅ ደግሞ ሌሎቹ ያላሰቡትን ጥያቄ ይጠይቃል።

በመጨረሻ፣ ይህ ሙያ ከሱቅ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ባለ ሱቅ ደንበኛው ነገም ተመልሶ እንዲመጣ ይመኛል። አስጠኚ ሥራውን በሚገባ ከሠራ ደንበኛው ተመልሶ አይመጣም፤ ችሏልና። ልጁ ያለ እርዳታ ማጥናት የጀመረ ዕለት ገቢው ይቋረጣል። ስለዚህ ደንበኛ ፍለጋ ለአስጠኚ የጀማሪነት ችግር ብቻ ሳይሆን የዘወትር ሥራው ነው፤ በየዓመቱ ቤቱን ባዶ አድርጎ በየዓመቱ እንደገና ይሞላዋል። ልጁን አላስፈላጊ ለሆነ ተጨማሪ ወር ማቆየት የሚፈትነውም እዚህ ላይ ነው። «ከእንግዲህ ለእኔ መክፈል የለብዎትም» ብሎ ለወላጅ መናገር ያስፈራል። ነገር ግን በዕቁቡም በሻይ ቤቱም እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ወሬዎች ሁሉ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ያህል ብዙ ሰው ወደ ደጃፌ ያመጣ የለም።