ዓሣውና የሚናደፈው ቤቱ

እኅቶቼ፣ በባሕር ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ፍጥረታት በዕለተ ሐሙስ እንደተፈጠሩ በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን ተምረናል። ከእነዚያ መካከል ሁለቱን በየቀኑ ስለማያቸው ዛሬ ስለ እነርሱ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። እዚህ ሪያድ ሳሎኑ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ያለበት ቤት የምትሠሩ ብዙዎች ስለሆናችሁ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

አንደኛው ልጆች «ኒሞ» የሚሉት ብርቱካንማ ዓሣ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው ፊልም ነው። እኛ ቤት ያሉት ሁለቱ የቀይ ባሕር ዓይነት ናቸው። የፊልሙ ሦስት ነጭ ቀበቶ ሲኖረው የእነዚህ ሁለት ብቻ ነው። ቀይ ባሕር ማለት ምጽዋና አሰብ ያሉበት፣ ብዙዎቻችን በአውሮፕላን ከላዩ፣ አንዳንዶቻችንም በደቡብ ጫፉ በጀልባ እየተንቀጠቀጥን ያለፍነው ያው ባሕር ነው።

ሁለተኛው አኔሞን ይባላል። ሲያዩት አበባ ይመስላል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። አፍ አለው፣ ይበላል፣ ሲያሰኘውም ተንፏቅቆ ቦታ ይለውጣል። ጣት የሚመስሉት ክሮቹ በዓይን በማይታዩ መርዘኛ መርፌዎች የተሞሉ ናቸው። ሌላ ትንሽ ዓሣ ቢነካቸው ደንዝዞ ይቀራል፣ ይበላልም። ኒሞ ግን በመካከላቸው ይተኛል።

ውኃውስ ብትሉ፣ የሪያድ ውኃ ብዙው ከጁበይል ባሕር ተቀድቶ፣ ጨው ወጥቶለት፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ የሚመጣ ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ውኃ አጣርተን በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው እንመልስበታለን! (የወጥ ጨው አይደለም፤ ለዓሣ ተብሎ በባልዲ የሚሸጥ ነው።)

አኔሞኑ የመጣው ዓሣዎቹ ገንዳውን ከለመዱ በኋላ ነበር። ወዲያው ዘለው የሚገቡበት መስሎኝ ነበር፤ አልገቡም። ትልቋ ቀረብ ብላ በጅራቷ ጫፍ ነካችው፤ ወዲያው ፈንጠር ብላ ሸሸች። ቆይታ በሆዷ ነካችው፣ ደግሞም ሸሸች። እኔ ወለል እየወለወልሁ፣ ልብስ እየተኮስሁ ብቅ እያልሁ አያለሁ፤ እርሷ እንደዚያው ናት። በሦስተኛው ቀን ከክሮቹ መካከል ዓይኗ ብቻ ሲታይ አገኘኋት። የዓሣው ቆዳ በልጋግ የተሸፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ አኔሞኑን ለመንደፍ የሚቀሰቅሰው አንድ የስኳር ዓይነት በዚህ ዓሣ ልጋግ ላይ እጅግ ያነሰ ነው።

ትልቋን «እርሷ» ማለቴ በዘፈቀደ አይደለም። እነዚህ ዓሣዎች ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምራሉ፤ በአንድ አኔሞን ላይ ካሉት ትልቁ ሴት ይሆናል። እርሷ ከሞተች ባልየው በተራው ወደ ሴትነት ይለወጣል። ፊልሙ ይህን ለልጆቹ ሳይነግራቸው ነው ያለፈው። እንቁላሏን ከአኔሞኑ ሥር ድንጋይ ላይ ስትጥል የሚጠብቀው፣ በክንፉ እያራገበ ንጹሕ ውኃ የሚያደርስለት ደግሞ ወንዱ ነው፤ አንድ ሳምንት ያህል እንደ አራስ ጠያቂ ከዚያ አይጠፋም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ዓሣው ባለውለታም መሆኑ ነው። አኔሞኑን የሚቆነጥሩ ሌሎች ዓሣዎችን በንክሻ ያባርራል። ከሰውነቱ የሚወጣው ቆሻሻ በአኔሞኑ ሥጋ ውስጥ ለሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ማዳበሪያ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ብርሃን እየተቀበሉ አኔሞኑን ይመግባሉ። ሌሊት በክሮቹ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ውኃውን አነቃንቆ አየር ያስገባለታል። ሽሪምፕ ስጥልለት ትልቁን ቁራጭ ተሸክሞ ለአኔሞኑ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ዓሣውን የአኔሞኑ ጥገኛ የሚለው ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

ይህን ዓርብ ዕለት ለተገናኘን እኅቶች ሳጫውት አንዲቱ፣ «አየሽ፣ ትዕግሥት ካለ መርዝም ማር ይሆናል፤ እኛም እንደ እርሱ እንቻል» አለች። በቅንነት ነው የተናገረችው፤ ነገር ግን አልተስማማሁም። ዓሣው መርዙን ችሎ አይደለም የሚኖረው፤ ስለማይነደፍ ነው የሚኖረው። ሲቆጠቁጠው እንደሚሸሽ ሦስት ቀን ሙሉ አይቻለሁ። የምትደበደብ፣ ደመወዟን የተከለከለች እኅት ይህን ዓሣ ምሳሌ አድርጋ እንድትቀመጥ ማንም አይምከራት። ኤምባሲያችን እዚሁ ሪያድ ነው፤ ጅዳ ላላችሁም ቆንስላ አለ።

ገንዳ ለምታጸዱ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ ጓንት አድርጉ። ድንጋዮቹን በፈላ ውኃ ለማጠብ ብትታዘዙ እንቢ በሉ። በድንጋይ ላይ የሚበቅሉ፣ የልብስ ቁልፍ የሚያህሉ አበባ መሳይ እንስሳት አሉ፤ አንዳንዶቹ ኃይለኛ መርዝ አላቸው፤ በሙቅ ውኃ ሲታጠቡ የሚወጣው እንፋሎት ሰው ሆስፒታል ያስገባል።

አኔሞናችን ባለፈው ክረምት ሞተ። የገንዳው መብራት አርጅቶ ነበር፤ አልጌዎቹ ጠፉና ነጣ፣ ከዚያ ኮሰሰ። ለማዳም ነገርኋት፤ መብራቱ እስኪገዛ ግን አልቆየም። የሞተ አኔሞን ውኃውን ስለሚመርዝ በዚያው ሰዓት አወጣሁት። ዓሣዎቹ ለጥቂት ቀናት ባዶውን ድንጋይ ሲዞሩት ሰነበቱ። በባሕር ቢሆን ኖሮ ያለ አኔሞን ሌላ ዓሣ ይበላቸው ነበር፤ በገንዳው ውስጥ ግን የሚበላቸው የለም። አሁን ከውኃ መግፊያው አጠገብ፣ ጥቁሩ ቱቦ ሥር ነው የሚያድሩት። ትንሹ ልጅ አዲስ አኔሞን ይገዛ እያለ ያለቅሳል፤ እኔና ማዳም መጀመሪያ መብራቱ ይቀየር ብለናል።