ከአልጋ ሥር የወጣው ባቡር

ወዳጆቼ፣ የአሻንጉሊት ባቡር ስላችሁ አትሳቁ። አባቴ ለገሃር ባቡር ነጂ ሳለ የገዛልኝ ነው፤ መሪ ከገባን ወዲህ ካርቶኑ ከአልጋ ሥር ወጥቶ አያውቅም። ባለፈው ቅዳሜ አወጣሁት። የጠቆረውን ሐዲድ በላጲስ አጸዳሁ፤ 12 ቮልት ስለሚበቃው ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ሄደ!

ሒሳብ የምትወዱ፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 አባዙት፤ የአዲሱን የጅቡቲ መስመር ስፋት ታገኛላችሁ። የአባቴ ሐዲድ ግን 1 ሜትር ብቻ ነበር።

አባቴ ስሜን ከረሳ ዓመት አልፎታል። የባቡሩን ድምፅ ሲሰማ ከወንበሩ ጎንበስ አለ። «አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት…» አዋሽ ሲደርስ እጄን ያዘኝ።

«አቁም፤ ምሳ እዚህ ነው።»

እናቴ ምሳ አቀረበች። ጸልየን በላን።