አንድ ጣሳ ስንዴ

የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤታችን ስለሆነ፣ የመቐለዋ ቁሓ ሰው አውሮፕላንን በድምፁ ይለያል። በትግራይ ጦርነት ዘመን ግን የመንገደኛው አውሮፕላን ድምፅ ጠፋና ከላይ እንደ ንብ የሚያንዣብብ ሌላ ድምፅ መጣ። ልጆቹ «ድሮን!» ብለው ወደ ቤት ይሮጡ ነበር።

እኔ መምህርም ዲያቆንም ነኝ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ደመወዝ ቀረ። ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ ነበርና የቀረኝ ሥራ ድቁናው ብቻ ነበር።

ቅዳሴ ያለ ስንዴና ያለ ዘቢብ እንደማይሆን ይበልጥ የሚያውቀው ቤተ ልሔም ያገለገለ ሰው ነው። ኅብስቱ ከንጹሕ ስንዴ ይጋገራል፤ ወይኑ ታጥቦ ከተዘፈዘፈ ዘቢብ ይጨመቃል። መንገዱ ሲዘጋ ዘቢብ ከገበያ ጠፋብን። የቀረችንን በትንሽ ብልቃጥ አስቀምጬ፣ በየእሁዱ ፍሬዋን እየቆጠርኩ አወጣ ነበር። ልዑካኑም ሳስተዋል። ከአምስት ባነሰ አይቀደስምና፣ አንዳንድ እሁድ አምስተኛው ሰው ከሌላ ደብር በእግሩ እስኪደርስ እንጠብቅ ነበር። ነዳጅ ስላልነበረ ታክሲም አልነበረም።

ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. እሁድ ነበር፤ የቅዱስ ቂርቆስ በዓል። በዋዜማው ማታ አንዲት እናት መጡና ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ ጣሳ ስንዴ አወጡ። የእርዳታ ስንዴ ነው። ጠጠሩንና እንክርዳዱን አንድ በአንድ ለቅመውታል።

«አደይ፣ ይህን ለልጅ ልጆችዎ ቢያደርጉት» አልኳቸው።

«እነሱ ናቸው የላኩኝ፣ ልጄ» አሉ። «ትንሹ ‹የኔን ድርሻ ለቂርቆስ ስጪው› አለኝ።»

መልስ አጣሁ። ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ሊጣሉበት የተዘጋጀው የሚፈላ ጋን ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ርቆ ሲሰማ እናቱ ኢየሉጣ ፈራች፤ ያጸናት ልጇ ነው። ታሪኩን በልጅነቴ ስሰማ ተአምሩ የፈላው ጋን መብረዱ ይመስለኝ ነበር። ያን ማታ ጣሳውን ይዤ ቆሜ ግን፣ ተአምሩ ልጅ እናቱን ማጽናቱ ሆኖ ታየኝ።

በማግስቱ እግዚኦታ ላይ ሳለን ያ ድምፅ ከላይ መጣ። ሕፃናት የእናቶቻቸውን ነጠላ ጨበጡ፤ ከቅጽሩ የወጣ ሰው ግን አልነበረም። ከቅዳሴ በኋላ ዝክር ነው። ድሮ ሕምባሻና ጠላ ነበር፤ ያን ቀን ከሰባት ቤት የተዋጣ ቆሎ ሆነ። አባ ለቆመው ሁሉ እንዲዳረስ በጣታቸው እየቆነጠሩ አደሉን።

«እግዚአብሔር ያኔ የት ነበር?» የሚሉኝ አሉ። ስለጸለይኩ ተረፍኩ ማለት አልደፍርም፤ ከደብራችን የቀበርናቸው ሰዎች ጸሎት ከኔ አያንስም ነበር። የምመሰክረው የዓይኔን ነው። ምግብ መደበቅ ኃጢአት በማይመስልበት ጊዜ፣ እሁድ በመጣ ቁጥር የደበቅነውን ይዘን እንድንወጣ ያደረገን ቅዳሴው ነው። ራብ ሆድን ብቻ አይዘጋም፤ በርንም ይዘጋል። የእኛን በር በሳምንት አንድ ቀን ያስከፈተው እርሱ ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ 19፣ በቅዱስ ገብርኤል በዓል ዕለት፣ የመንገደኛ አውሮፕላን እንደገና መቐለ አረፈ። የሰፈራችን ልጆች ድምፁን ሲሰሙ መጀመሪያ ያደረጉት ወደ ቤት መሮጥ ነበር።

ዛሬ ዘቢብ በገበያ አለ፤ እኔ ግን ፍሬ መቁጠሩን አልተውኩም። ከምዕራብ ትግራይ ተፈናቅለው መቐለ የተጠለሉ ብዙ ሰዎች ስምምነቱ ከተፈረመ ዓመታት ቢያልፉም ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። ዝክር የምታወጡ ሁሉ፣ ከድግሱ በፊት አንድ ጣሳ ወደ እነሱ ላኩ።