ክሩ እስኪደርስ

አማርኛችን ለሚያጣብቅ ነገር ሦስት ስም አለው፦ ሙጫ፣ ኮላ፣ ማስቲሽ። ሙጫ ከግራር ላይ የሚንጠባጠበው ነው። ኮላና ማስቲሽ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ አንዱ አናጢ ቤት ገባ፣ ሌላው ጫማ ሰሪና ጎሚስታ ቤት። እኔ ሦስተኛው ባለበት ቤት ነው ያደግኩት። የእናቴ ታላቅ ወንድም መርካቶ ውስጥ ጫማ ይሠራሉ፤ እኔ ሒሳባቸውን እይዛለሁ።

ቆዳና ሶል ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ጠንካራው የቱ ነው?» ጋሼ መልሰው ይጠይቃሉ፦ «ምንን ከምን ጋር?»

ጥያቄያቸው ብልጠት አይደለም፤ ሙያው ራሱ ነው። ቢጫው ማስቲሽ አብዛኛውን ጊዜ ኒዮፕሪን ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው የሚሠራው፤ ጎማው እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካው ዱፖንት ቤተ ሙከራ የተገኘ ነው። ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ሁለቱም ይቀባል፣ ጣት ላይ መያዙን እስኪተው ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ነው መዶሻው። ካልተጫነ አይይዝም። ሶሉ ግን ፒቪሲ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ዘይት ቀስ እያለ ወጥቶ ማስቲሹን ያላላዋል። ለእሱ ፖሊዩሪቴን ነው የሚበጀው።

የተፈጥሮ ጎማው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ከአማዞን የመጣችው የጎማ ዛፍ ቅርፊቷ ሲሰነጠቅ ወተት ታፈሳለች። ያ ወተት በሁለት መልክ ለማጣበቂያ ይውላል። አንደኛው ደርቆ ጎማ ከሆነ በኋላ በኬሚካል የሟሟው ነው፤ ጎሚስታ ካላማዳሪ የሚለጥፍበት የዚህ ዘመድ ነው። ሁለተኛው ላቴክስ ነው፦ ወተቱ ራሱ፣ እንዳይረጋ አሞኒያ ተጨምሮበት። ነጭ ነው፤ የሚተነው በአብዛኛው ውሃ ነው። ሁለቱም ከራሳቸው ጋር ሲገናኙ ወዲያው ይያያዛሉ፤ ዘይት፣ ሙቀትና ፀሐይ ግን ያበላሿቸዋል። ሶል ለመሸከም አቅም የላቸውም። ጋሼ «ክሩ እስኪደርስ የሚይዝ» ይሉታል፤ የቆዳ ጠርዝ ሲታጠፍ፣ ገበር ሲለጠፍ፣ ከዚያ ስፌቱ ሲረከብ።

ለረጅም ጊዜ ግን በቤቱ ውስጥ ለሁሉም ነገር ማስቲሽ ነበር። ይፈጥናል፣ አንድ ቆርቆሮ ይበቃል።

ከሁለት ዓመት በፊት ጋሼ እግራቸውን ይደነዝዛቸው ጀመር። «ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ያለ ይመስለኛል» አሉኝ። ጫማቸውን አውልቀው አራገፉት፤ ምንም የለም። ሐኪሙ ስኳር መረመረ፤ የለባቸውም። ከዚያ ሥራቸውን ጠየቀ፤ ቀጥሎም የሥራ ቤታቸውን መስኮት።

ከዚያ ቀን በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ማስቲሽ ውስጥ ጎማውን የሚያሟሟው ፈሳሽ ሲደርቅ የትም አይጠፋም፤ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። ሄክሴን የሚባለው ዓይነት የእጅና የእግር ነርቭ እንደሚጎዳ በጣሊያን ጫማ ሠራተኞችና በጃፓን ሰንደል ሠሪዎች ላይ ታይቷል። በኢስታንቡል ደግሞ ሐኪሙ ሙዛፈር አክሶይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቤንዝን ያለበት ማጣበቂያ የሚጠቀሙ ጫማ ሠሪዎችን የደም ካንሰር መዝግቧል።

አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ከበራችን ውጭ ማስቲሽ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው የሚስቡ ልጆች አሉ። ሊገዙ ሲመጡ ጋሼ «ሂድ ልጄ፣ ይሄ አይሸጥም» ብለው ዳቦ ሰጥተው ይሸኟቸዋል። ሰፈሩ በሙሉ ያዝንላቸዋል። ያው ሽታ ግን እኛ ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ነበር። ውጭ ሲሆን ሱስ፣ ውስጥ ሲሆን ሥራ እንለዋለን። ሳንባ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም።

የሒሳብ ደብተሬን ገልብጬ አንድ ጫማ ስንት ጊዜ ማስቲሽ እንደሚቀባ ቆጠርኩ። ሰባት ቦታ። ከሰባቱ አምስቱ ስፌት የሚሸከማቸው ወይም እግር ራሱ የሚጫናቸው ናቸው፦ ጠርዝ፣ ገበር፣ የውስጥ መርገጫ። ለጋሼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እነዚህማ ለነጩ ናቸው» አሉ።

ቀላል አልነበረም። ላቴክስ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ክረምት ሲሆን ይብሳል። አሞኒያውም ዓይን ያቃጥላል። ላቴክስ የሚያሳክካቸው ሰዎችም ስላሉ ለውስጥ መርገጫው ደንበኛ እንጠይቃለን። ሠራተኞቹ አጉረመረሙ፦ «ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!» «ይጠብቃ» አሉ ጋሼ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ቸኩዬ ነው እዚህ የደረስኩት።»

ሶሉ አሁንም በማስቲሽ ነው። ሌላ መንገድ አለ፤ በውሃ የተሠራ ፖሊዩሪቴን። እሱ ግን ማሞቂያ ይፈልጋል፤ ማሞቂያው ገንዘብ ይፈልጋል። እስከዚያው ቆርቆሮው በር አጠገብ ወጥቷል፤ ተቀብቶ ሲያበቃ ክዳኑ ይገጠማል፤ የሚቀባውም በየቀኑ ይቀያየራል።

የጋሼ እግር አልተመለሰም፤ አልባሰምም። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ የሆነ ተለማማጅ አለን፤ እጁ ፈጣን ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ደንበኛ መጥቶ «ጠንካራው የቱ ነው?» ሲል ልጁ ቀና ብሎ «ምንን ከምን ጋር?» አለው። ጋሼ ሰምተዋል፤ ምንም አላሉም። እኔ በሆዴ ሦስተኛ ጥያቄ ጨመርኩበት፦ ማን እየተነፈሰው?